ስለ ማዕበል ሳንቃና ስለ ጣና ደንገል

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በታላላቅ ባሕሮች ዳርቻ የሚኖሩ ባለ እጆች አንድ ጥያቄ ይዘው ይመራመራሉ። ይኸውም በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ቀላልና ጠንካራ የሆነ፣ ነገር ግን መሬቱንም ባሕሩንም ሠራተኛውንም የማይጎዳ ዕቃ ከምን ሊሠራ ይችላል? የሚል ነው። ጥያቄው የተነሣው ሰርፍቦርድ ከሚባለው ከማዕበል ሳንቃ የተነሣ ነው። መልሱን የፈለጉት ሰዎች ግን ከኬሚካል ፋብሪካ ወጥተው ወደ እርሻና ወደ ረግረግ ተመልሰዋል። በአገራችንም ከጥንት ጀምሮ በጣና ባሕር ላይ ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ የዚሁ ጥበብ የቅርብ ዘመድ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ለዚህ ለእርሻ ገጽ የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የማዕበል ሳንቃ ማለት ሰው በደረቱ ተኝቶ ወይም ቆሞ፣ ወደ ዳር በሚገፋው ማዕበል ላይ የሚንሸራተትበት ረጅምና ስስ ሳንቃ ነው። በሰቲትና በአትባራ ወንዞች አገር፣ በሑመራ፣ በመተማ፣ በገዳሪፍና በመንደር 8 የሚኖር አንባቢ «ማሽላና ሰሊጥ በሚመረትበት ቆላ የባሕር ጨዋታ ምን ያደርግልናል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ተንሳፋፊ ዕቃ ለወንዝ ዳር ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ይኸው አገር በቅርቡ አይቶታል። በኖቬምበር 2020 በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ50,000 የሚበልጡ ሰዎች ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በሐምዳይት በኩል የመጡት ብዙዎቹ፣ እኛ ተከዜ የምንለውን የሰቲትን ወንዝ የተሻገሩት በትንንሽ ጀልባዎች ነው። መንደር 8ም ስደተኞቹ ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባህ መጠለያዎች ከመወሰዳቸው በፊት ከሚያርፉባቸው መሸጋገሪያዎች አንዱ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ለአንዱ አገር ሰው የመጫወቻ የሆነው ዕቃ ለሌላው መሻገሪያው፣ ዓሣ ማጥመጃውና እህል መጫኛው ነው። ዕቃው ከቅርብ ከሚበቅል ተክል መሠራት ከቻለ ደግሞ ድኻውም በእጁ ሊሠራው ይችላል።

የሳንቃው ታሪክ

የማዕበል ሳንቃን ጥበብ ከሁሉ በላይ ያሳደጉት በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል ያሉት የሃዋይ ደሴቶች ሰዎች ናቸው። የእንግሊዙ መርከበኛ ካፕቴን ጄምስ ኩክ በ1778 ወደ እነዚህ ደሴቶች በደረሰ ጊዜ፣ ወንዱም ሴቱም፣ መኳንንቱም ተራው ሕዝብም በማዕበል ላይ የመንሸራተት ልማድ ነበራቸው። ሳንቃውን የሚጠርቡት ኮአ ከሚባል ዛፍ፣ ከዳቦ ፍሬ ዛፍና ዊሊዊሊ ከሚባል ቀላል እንጨት ነበር። ከጠረቡትም በኋላ በድንጋይና በኮራል ያለሰልሱታል፤ ኩኩይ ከሚባለው ፍሬ በተጨመቀ ዘይትም ይቀቡታል። ኦሎ የሚባለው ረጅሙ ሳንቃ የመኳንንቱ ነበረ፤ አላያ የሚባለው ስሱ ሳንቃ ግን የሕዝቡ ሁሉ ነበረ።

ከእነዚህ ዛፎች መካከል ዊሊዊሊ በአገራችን ዘመድ አለው። በየአጥሩና በየሜዳው ቀይ አበባ የሚያወጣው ቆርች የእርሱ ወገን ነው፤ የዕፀዋት ሊቃውንትም ሁለቱን ኤሪትሪና በሚል በአንድ የወገን ስም ይጠሯቸዋል። የቆርች እንጨት ቀላልና ለስላሳ መሆኑን የገጠር ሰው ሁሉ ያውቃል። ይህን ማንሣታችን ቆርች ሁሉ ተቈርጦ ሳንቃ ይሁን ለማለት አይደለም፤ ባለ እጅ ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው በደጁ የበቀለውን ዛፍ መሆኑን ለማስታወስ ነው።

በ19ኛው ምእት ዓመት ከውጭ በገባ በሽታ የሃዋይ ሕዝብ እጅግ አለቀ፤ ልማዱም በእንግዶች ስለ ተነቀፈ ጥበቡ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። በ20ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ግን እንደገና ተነሣ። በ1912 በስቶክሆልም የኦሎምፒክ ውድድር በዋና የወርቅ ሜዳይ ያገኘው የሃዋዩ ተወላጅ ዱክ ካሃናሞኩ ጥበቡን ለአሜሪካና ለአውስትራሊያ ሰዎች አሳየ። ከብዙ ዘመንም በኋላ በ2021 በጃፓን በተደረገው የኦሎምፒክ ውድድር በማዕበል ላይ መንሸራተት ለመጀመሪያ ጊዜ ከስፖርቶቹ አንዱ ሆኖ ተቈጠረ።

ከነዳጅ ዘይት የተወለደው ሳንቃ

ሳንቃው ለብዙ ዘመን የሚሠራው ከእንጨት ብቻ ነበር። በኋላም ከኤኳዶር የሚመጣው ባልሳ የሚባለው እጅግ ቀላል እንጨት ተመረጠ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ግን በካሊፎርኒያ ሆባርት አልተርና ጎርደን ክላርክ የተባሉት ሰዎች ፖሊዩሬቴን የሚባለውን አረፋ በሥራ ላይ አዋሉት። ይህ አረፋ የሚገኘው ሁለት ፈሳሽ ኬሚካሎች ሲቀላቀሉ ነው፤ እርሾ እንደ ገባበት ሊጥ ኩፍ ብለው ይነሡና በቅርጹ ውስጥ ይደርቃሉ። ከዚያም ባለ እጁ አረፋውን ፍቆ ቅርጹን ያወጣል፤ ከመስተዋት ክር የተሠራ ጨርቅም ያለብሰዋል፤ በላዩም ሬዚን የሚባለውን እንደ ሙጫ ያለ ፈሳሽ ያፈስበታል። ፈሳሹም ሲደርቅ ጠንካራ ቅርፊት ይሆናል።

በዚህ ዘዴ የተሠራው ሳንቃ ቀላል ነው፤ በብዛትም ይወጣል። ነገር ግን ጥሬ ዕቃው ሁሉ ማለት ይቻላል ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ ነው። ለአረፋው ከሚገቡት ኬሚካሎች አንዱ፣ ቶሉዊን ዳይአይሶስያኔት የሚባለው፣ የሠራተኛውን ሳንባ የሚጎዳ መርዝ ነው። ከሬዚኑ የሚወጣው ስታይሪን የሚባለው ተንም ለሚተነፍሰው ሰው ደግ አይደለም። ሲፋቅ የሚበተነው ብናኝ አይበሰብስም፤ በማዕበል የተሰበረውም ሳንቃ አይበሰብስም። መሬት ላይ ቢጣል መሬት አይበላውም፤ ባሕር ቢገባም እየተቈራረሰ ዓሣ ወደሚበላበት ይደርሳል።

የዚህ አሠራር ድካም ለዓለም የታየው በዲሴምበር 5 ቀን 2005 ነበር። በዚያን ዕለት ለአሜሪካ ሳንቃ ሠሪዎች አብዛኛውን አረፋ ያቀርብ የነበረው የጎርደን ክላርክ ፋብሪካ ያለ ማስጠንቀቂያ በሩን ዘጋ። ባለቤቱ ለደንበኞቹ በጻፈው ደብዳቤ፣ ከአካባቢ ጥበቃና ከሠራተኞች ደኅንነት ደንቦች ጋር የነበረውን ጭንቅ ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ቈጥሮ ነበር። ባለ እጆቹ ሁሉ በአንድ ፋብሪካ ላይ ተደግፈው ኖረው ስለ ነበር በአንድ ቀን ጥሬ ዕቃ አጡ። ይህም ሌላ መንገድ እንዲፈልጉ ካስገደዷቸው ነገሮች አንዱ ሆነ።

ወደ ተክል መመለስ

አንድ ተንሳፋፊ ዕቃ ንጹሕ ነው ለማለት ሦስት ነገር ሊመረመር ይገባል። አንደኛ፣ ጥሬ ዕቃው ተቈርጦ እንደገና የሚበቅል ነው ወይስ አንድ ጊዜ ተቈፍሮ የሚያልቅ? ሁለተኛ፣ ሲሠራ የሠራተኛውን ጤና ይጠብቃል ወይስ ይጎዳል? ሦስተኛ፣ አገልግሎቱን ሲጨርስ ወዴት ይሄዳል? በእነዚህ ሦስት መመዘኛዎች መሠረት በልዩ ልዩ አገር የተሞከሩትን እንመልከት።

በካሊፎርኒያ ጌሪ ሊንደን የተባለው ሳንቃ ሠሪ ከአጋቬ ግንድ ሳንቃ በመሥራት የታወቀ ነው። አጋቬ እኛ ቃጫ የምንለው ተክል ወገን ነው። ይህ ተክል ብዙ ዓመት ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም ግንድ አውጥቶ ያብባል፤ ካበበም በኋላ ይሞታል። ውስጡ እንደ ባልሳ ቀላል የሆነው ይህ ግንድ በቁሙ ሲደርቅ ይቈረጣል፤ ተሰንጥቆም እየተጣበቀ ሳንቃ ይሆናል። ስለዚህ ሳንቃው የሚሠራው ዕድሜውን ከጨረሰ ተክል ነው። በአገራችን ቃጫ ለአጥርና ለገመድ፣ እንዲሁም ጎርፍ መሬት እንዳይቦረቡር ለመከላከል ይተከላል፤ ካበበ በኋላ የሚደርቀው ግንዱ ግን ለሌላ ሥራ ሲውል ብዙ ጊዜ አይታይም።

በአውስትራሊያ ደግሞ የጥንቱን የሃዋይ አላያ ፓውሎኒያ ከሚባለው ፈጥኖ አዳጊ ዛፍ እየጠረቡ እንደገና ያስነሡት ሰዎች አሉ። ይህ ዛፍ ቢቈረጥም ከጉቶው እንደገና ያቈጠቍጣል። ሳንቃው አረፋም ሆነ የመስተዋት ጨርቅ አያስፈልገውም፤ የሚቀባውም እንደ ተልባ ዘይት ያለ የተክል ዘይት ነው። ከተልባ ወገን ግንድ የሚወጣውን ጭረት ሸምነው በመስተዋት ጨርቅ ፈንታ የሚያለብሱም አሉ። በአገራችን ተልባ የሚዘራው ለፍሬው ስለ ሆነ ጭረቱ ብዙ አይታሰብም።

ሬዚኑንም በከፊል ከጥድ ዛፍ ተረፈ ምርት የሚያዘጋጁ ፋብሪካዎች ተቋቁመዋል። አረፋውን በተመለከተም፣ ከጉሎ ዘይት ለፖሊዩሬቴን የሚሆን ጥሬ ዕቃ እንደሚገኝ የታወቀ ነው፤ ጉሎ ደግሞ በየመንገዱ ዳር ሳይዘራ የሚበቅል መሆኑን ሁላችንም እናያለን። በ2015 በሳን ዲዬጎ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከአንድ አረፋ ፋብሪካ ጋር ሆነው፣ በውኃ ውስጥ ከሚያድግ አልጌ ከተገኘ ዘይት የመጀመሪያውን ሳንቃ ሠርተው አሳይተዋል። ሰስተይነብል ሰርፍ የተባለው ማኅበርም ከ2012 ጀምሮ ኤኮቦርድ የሚል ምልክት ያቋቋመ ሲሆን፣ ምልክቱ የሚሰጠው ጥሬ ዕቃው በከፊል ከተክል ወይም ካገለገለ ዕቃ ለተሠራ ሳንቃ ነው።

ይሁን እንጂ አስተዋይ አንባቢ «በከፊል» የሚለውን ቃል ማለፍ የለበትም። ከእነዚህ ሙከራዎች ብዙዎቹ የነዳጅ ዘይቱን ቀነሱት እንጂ ፈጽመው አላስወገዱትም። ሦስቱንም መመዘኛዎች በሙሉ የሚያልፍ ተንሳፋፊ ለማየት ከፋብሪካው አገር ወጥተን ወደ ሁለት የደንገል አገሮች መሄድ አለብን፤ አንዱ በፔሩ፣ ሁለተኛው በጣና ነው።

የሁዋንቻኮ ዓሣ አጥማጆች

በደቡብ አሜሪካ በፔሩ አገር፣ በትሩሂዮ ከተማ አጠገብ ሁዋንቻኮ የሚባል የዓሣ አጥማጆች ሠፈር አለ። የዚያ አገር ሰዎች ቶቶራ ከሚባል ሸንበቆ መሳይ ተክል ጠባብና ጫፉ ወደ ላይ የተቀለበሰ ተንሳፋፊ ያስራሉ። ስሙንም በስፓኝ ቋንቋ ትንሽ ፈረስ ማለት የሆነውን ካባሊቶ ብለውታል፤ ዓሣ አጥማጁ እንደ ፈረስ ስለሚቀመጥበት ነው። ከጥንታዊው ከሞቼ ሕዝብ ዘመን በቀሩት የሸክላ ዕቃዎች ላይ የዚህ ተንሳፋፊ መልክ ይታያል። አጥማጁ ጧት ማዕበሉን ሰንጥቆ ይወጣል፤ ዓሣውን ይዞ ሲመለስም በማዕበሉ ጀርባ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ዳር ይደርሳል። በዚህም ምክንያት በማዕበል የመንሸራተት ጥበብ ከዚህ አገርም ጀምሯል ብለው የሚከራከሩ አሉ።

ለእኛ ከክርክሩ ይልቅ የሚጠቅመን የተክሉ አያያዝ ነው። የሁዋንቻኮ ሰዎች ቶቶራውን ከዱር ለቅመው ብቻ አይተዉም። በባሕሩ አጠገብ የከርሰ ምድሩ ውኃ እስኪገኝ ድረስ ጉድጓድ ቈፍረው በኩሬ ይተክሉታል፤ እንደ ጓሮ አትክልትም ይንከባከቡታል። ተንሳፋፊው ውኃ ጠጥቶ ከጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት በኋላ ሲያረጅ፣ አጥማጁ ከኩሬው ሌላ ቶቶራ ቈርጦ አዲስ ያስራል። ስለዚህ የጀልባ ሥራቸው ከእርሻ ሥራቸው አይለይም። በቅርብ ዓመታት ባሕሩ ዳርቻውን እየሸረሸረ ኩሬዎቹን በማጥፋቱ ተጨንቀዋል፤ ኩሬው ሲጠፋ ካባሊቶውም ዓሣ ማጥመዱም አብሮ እንደሚጠፋ ያውቃሉና።

የጣና ታንኳ

የፔሩ ቶቶራና የጣና ደንገል የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ደንገል ከውኃ ዳር የሚበቅል፣ ቁመቱ 4 ሜትር ያህል የሚደርስና ከዚያም የሚያልፍ፣ ግንዱ ሦስት ማዕዘን የሆነ፣ ጫፉም እንደ ጭራ የተበተነ ተክል ነው። የጥንት ግብጻውያን ብራና መሳይ የመጻፊያ ወረቀታቸውን ያበጁት ከእርሱ ነው። የግንዱ ውስጥ እንደ ሰፍነግ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ አየር የሞላበት ስለ ሆነ ይንሳፈፋል። የአውሮፓና የአሜሪካ ሳንቃ ሠሪዎች በፋብሪካ ኬሚካል ያገኙትን አየር ያዘለ ቀላል አካል ደንገል በፀሐይና በውኃ ብቻ ያበቅለዋል ማለት ነው።

ታንኳ ሠሪው አስቀድሞ የደረሰውን ደንገል ከሥሩ በላይ ያጭዳል፤ በፀሐይም ላይ ዘርግቶ ያደርቀዋል። ከዚያም በነዶ በነዶ አድርጎ በልጥና በገመድ አጥብቆ ያስረዋል። ሁለት ረዣዥም ነዶዎች ጎንና ጎን ሆነው ይያያዛሉ፤ ፊቱ ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ በመካከሉም ለመቀመጫና ዕቃው እንዳይረጥብ ተጨማሪ ደንገል ይነጠፋል። ባለ ታንኳውም በረጅም ዘንግ እየቀዘፈና እየገፋ ይሄዳል። ሚስማር የለውም፤ ቀለም የለውም፤ ማጣበቂያም የለውም። ሰው፣ እህል፣ ማገዶና ዓሣ ይጫንበታል፤ በደሴቶቹ የሚኖሩ መነኮሳትና ገበሬዎችም ሲመላለሱበት ኖረዋል። በዚህ ሥራ ይልቁንም የታወቁት የወይጦ ሰዎች ናቸው፤ ጥበቡንም ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ እስከ ዛሬ አድርሰውታል።

ታንኳ ጉድለት የለውም አንልም። ደንገል ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ ከአገልግሎት በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ በቁሙ ተደግፎ እንዲደርቅ ያስፈልጋል፤ ይህም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቈጠር ነው። ብዙ ሰው ለመጫንና ከሞገድ ጋር ለመታገል በሞተር የሚሄድ ጀልባ ይሻላል። ነገር ግን ከላይ ባልናቸው ሦስት መመዘኛዎች ሲታይ ታንኳ ሙሉ ነው። ጥሬ ዕቃው ሥሩ እስካልተነቀለ ድረስ እንደገና ይበቅላል፤ ሠራተኛው መርዝ አይተነፍስም፤ ሲያረጅም ደርቆ ማገዶ ይሆናል ወይም በዳር በስብሶ ወደ መሬት ይመለሳል።

ውቅያኖስ የተሻገረው ደንገል

የጣና ደንገል ጥንካሬ በዓለም ፊት የተፈተነበት ጊዜ አለ። የኖርዌዩ ተወላጅ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ ነበር ብሎ ያምን ነበር። ደንገል በጨው ውኃ ውስጥ ሁለት ሳምንት እንኳ አይቆይም የሚሉ ሊቃውንት ግን ተቃወሙት። ሄየርዳልም ወደ ጣና መጥቶ የታንኳውን ሥራ ተመለከተ፤ ከዚያም ብዙ ደንገል ከጣና አስቈርጦ ወደ ግብጽ አስወሰደ። በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብም ከቻድ ባሕር የመጡ ባለ እጆች ራ የተባለውን ጀልባ አሰሩለት።

ራ በሜይ 25 ቀን 1969 ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሥታ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደች። ወደ መጨረሻው ግን የኋላዋ ክፍል እየሰጠመ ስለ ሄደ መንገደኞቹ ሊተዋት ግድ ሆነባቸው። ሲመረመር፣ በጥንታዊ ግብጻውያን ሥዕል ላይ የሚታየው የጀልባውን ጭራ ወደ ላይ ወጥሮ የሚይዘው ገመድ እንደሚገባ አለመያዙ ጉዳቱን እንዳመጣው ታወቀ። በሚከተለው ዓመት በፔሩና በቦሊቪያ መካከል ካለው ከቲቲካካ ባሕር የመጡ የአይማራ ሕዝብ ባለ እጆች ሁለተኛዪቱን ራ ከዚያው ከጣና ደንገል ሠሩ። እርስዋም በሜይ 17 ቀን 1970 ከሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ደሴት ደረሰች።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ የጣና ረግረግ ያበቀለው ተክል ሁለት ሳምንት አይቆይም ከተባለ በኋላ የውቅያኖስን ጨውና ማዕበል ወደ ሁለት ወር ያህል ችሏል። ሁለተኛ፣ ደንገሉ አንድ ሲሆን አንዲቱ ጀልባ ተጎድታ ሁለተኛዪቱ የደረሰችው በአስተሳሰሩ ጥበብ ምክንያት ነው። ስለዚህ ተክሉን ጠብቆ ጥበቡን ማጥፋት፣ ወይም ጥበቡን አመስግኖ ተክሉን ማጥፋት፣ ሁለቱም ያው ኪሣራ ነው።

የደንገል ጠላቶች

አሁን ጭንቁ ያለው በተክሉ ላይ ነው። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የጣና ባሕር በ2015 በዩኔስኮ ከዓለም የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራዎች መካከል ተመዝግቧል። በዳርቻው ያለው የደንገል ረግረግ ግን ከዘመን ወደ ዘመን እየጠበበ ሄዷል። ምክንያቱም አንድ ብቻ አይደለም።

በባሕሩ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ በመብዛቱ የእርሻ መሬት ጠቧል። ውኃው በበጋ ሲሸሽ የሚገለጠው ጥቍር አፈር ለም ስለ ሆነ ገበሬው በቆሎ፣ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፤ በፎገራ ሜዳም ሩዝ ተስፋፍቷል። ከብቱም ለጋውን ደንገል ይግጣል። በ1996 ባሕሩ ወደ ዓባይ በሚፈስበት በኩል የጨረጨራ መቈጣጠሪያ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የውኃው ከፍታና ዝቅታ እንደ ቀድሞው በዝናምና በበጋ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በ2003 ውኃው እጅግ በቀነሰ ጊዜም በዳርቻው የተገለጠው መሬት ብዙ ታርሷል። በዚህ ሁሉ ላይ በ2011 እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በባሕሩ ላይ መታየቱ ተረጋገጠ፤ በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ያሉትን የደንብያንና የፎገራን ዳርቻዎች ወርሮም ዓሣ አጥማጁን፣ ከብት አጠጪውንና ባለ ታንኳውን አስቸገረ።

ገበሬውን በዚህ መውቀስ ፍርድ አይሆንም። የሚበላው የሌለው ሰው ለሚመጣው ዓመት ደንገል ብሎ የዘንድሮውን እህል አይተውም። ነገር ግን ሒሳቡ ሙሉ ሆኖ መቅረብ አለበት። ደንገል የታንኳ ጥሬ ዕቃ ብቻ አይደለም። ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ከደጋው ጠርገው የሚያመጡትን ደለል ያጠልላል፤ ዓሣ በሥሩ ይራባል፤ ወፎችም ጎጆአቸውን ይሠሩበታል፤ ሞገድም ዳርቻውን እንዳይበላ ይከላከላል። ረግረጉ ታርሶ አንድ ዓመት እህል ሲገኝበት፣ ደለሉ ግን ያለ ከልካይ ወደ ባሕሩ ይገባል፤ ዓሣውም ይቀንሳል። ታንኳ ሠሪውም ደንገል ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል፤ ካላገኘም ሥራውን ይተዋል። ሥራውን የተወ አባት ለልጁ የሚያስተምረው የለውም።

ምን ይደረግ?

ለባለ ሥልጣኖች የምናሳስበው፣ የባሕሩ ዳርቻ ወሰን ሲከለል ታንኳ ሠሪዎችና ዓሣ አጥማጆች ከገበሬዎቹ ጋር በአንድነት እንዲጠየቁ ነው። መሬት በሚታረሰው ስፋት ብቻ ከተመዘነ፣ ረግረግ ሁልጊዜ ባዶ መሬት ተብሎ ይቈጠራል። ታንኳ ሠሪው ግን መከሩን የሚያጭደው ከዚያ ነው። ስለዚህ ለደንገል የሚከለለው ቦታ ተጠቃሚው የታወቀ፣ አጨዳውም በተራ የሚደረግ መሆን አለበት።

ለገበሬዎች የምንመክረው የሁዋንቻኮን ልማድ እንዲመለከቱ ነው። ደንገል ከሥሩ ተቈርጦ በተወሰደ ቁራጭ እርጥብ ቦታ ላይ ቢተከል ይይዛል። እህል ለመያዝ እጅግ የሚረጥበው የማሳ ጠርዝ፣ ወንዝ ወደ ባሕሩ የሚገባበት አፍና የመስኖ ውኃ የሚጠራቀምበት ጎድጓዳ ለዚህ ይመቻል። ሲታጨድም ሥሩን ሳይነኩ ከላይ መቍረጥ፣ አንዱን ክፍል አጭዶ ሌላውን ለሚቀጥለው ጊዜ መተው፣ ለጋውንም ከከብት መጠበቅ ያስፈልጋል። ደንገል ተሸጦ ገንዘብ የሚያስገኝ ተክል ከሆነ ገበሬው ራሱ ጠባቂው ይሆናል።

ለትምህርት ቤቶችና ለምርምር ቤቶችም ሥራ አለ። በ1963 የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው፤ ከጣና ዳር ሆኖ የእጅ ሥራን ከሳይንስ ጋር ለማገናኘት ከእርሱ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ደንገሉ ውኃ እንዳይጠጣ በተልባ ወይም በጉሎ ዘይት፣ በሰምና በሙጫ ቢቀባ ዕድሜው ምን ያህል እንደሚጨምር በታንኳ ሠሪዎቹ እጅ ሊሞከር ይችላል። ከቃጫ ግንድና ከደንገል ለዋና ተማሪዎች መንሳፈፊያ፣ ለዓሣ መረብ ተንሳፋፊ፣ ለጎብኚዎችም ትንሽ ሳንቃ መሥራት ይቻል እንደ ሆነ መመርመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ውጤቱ ደግ ከሆነ ጥቅሙ በጣና ብቻ አይቀርም፤ በሰቲትና በአትባራ ዳርም ለሚኖረው ሰው በየአገሩ ከሚበቅለው ተክል ተንሳፋፊ ማዘጋጀት ይቻል ዘንድ መንገድ ይከፍታል።

የከተማ አንባቢም ድርሻ አለው። ወደ ባሕር ዳር ሄዶ በታንኳ አጠገብ ፎቶግራፍ የሚነሣ ሰው ብዙ ነው፤ ባለ እጁን የሥራውን ዋጋ የሚከፍል ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ሆቴሎችና የጎብኚ ማኅበሮች ታንኳን ለጌጥ ከማቆም ይልቅ በቋሚነት ቢገዙና ቢከራዩ፣ ሠሪው ልጁን ይዞ በሥራው ለመቆየት ምክንያት ያገኛል።

በውጭ አገር ሳንቃ ሠሪዎች ከ50 ዓመት የኬሚካል ሥራ በኋላ ወደ ቃጫ፣ ወደ ተልባና ወደ አልጌ የተመለሱት በብዙ ድካምና ወጪ ነው። እኛ የምንመለስበት መንገድ አጭር ነው፤ ጥበቡም በሠሪዎቹ እጅ፣ ተክሉም በባሕሩ ዳር ገና አለና። ነገር ግን የደንገል ሥር አንድ ጊዜ ታርሶ ከደረቀ በኋላ ረግረጉን መልሶ ማብቀል የብዙ ዓመት ሥራ ይሆናል። ስለዚህ የወሰኑ መከለልና የተከላው ሥራ ለሌላ ጊዜ ሳይባል በሚመጣው በጋ፣ ውኃው ሸሽቶ ሞፈር ወደ ዳር ከመውረዱ በፊት ቢጀመር መልካም ነው።